ማሲንቆው ታሟል፦ ጆሮና መለኪያ በአንድ የጎንደር ሳሎን

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። እንግዳው ተሸኝቷል። ጎንደር ትንፋሿን የምትሰበስብበት ጊዜ ነው። አጎቴ ስልክ ደወሉልኝ።

«ና እስቲ፣ ማሲንቆው ታሟል» አሉኝ።

አጎቴ ማሲንቆ የላቸውም። ያላቸው የድሮ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከር ነው። ነገሩ ግን ገባኝ። ለበዓሉ ከአሜሪካ የመጣው ልጃቸው አዲስ አምፕሊፋየር አምጥቶላቸው ነበር። አንድ ኪሎ የማትሞላ፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሣጥን ናት። የድሮው በሁለት እጅ የሚነሣ ብረት ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ አብሯቸው ኖሯል። ትንሿ ሳሎን ገባች፣ ትልቁ ጓዳ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፁ አልጥማቸው አለ።

የእኔ ሥራ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። እኛ ዘንድ «ደህና ይመስላል» የሚባል ነገር የለም። የልብ ምት ማሳያ ከጥገና ወጥቶ ወደ ታካሚ የሚመለሰው ተለክቶ ነው። አጎቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ደግሞ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አሁንም የጎረቤት ልጅ ክራር ሲቃኝ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው «ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች» ይላሉ። ልጁም ያጠብቃታል።

ሁለታችንም በየራሳችን መንገድ ትክክል ነበርን። ሁለታችንም ተሳስተናል። ጉዳዩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እንደነበረ፣ ከነስህተቴ ልጻፈው።

ሳልጠየቅ የመለስኩት

ሁለቱንም አምፕሊፋየር ተሸክሜ ማራኪ ወዳለው ቤቴ ወሰድኳቸው። በስፒከር ፋንታ ኃይሉን የሚውጥ 8 ኦም ሬዚስተር አሰርኩላቸው። ከላፕቶፕ ድምፅ ላክሁ፤ የሚወጣውን መልሼ ቀዳሁ። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር ንዝረት) ይሰማል ይባላል። በዚህ ስፋት ውስጥ ሁለቱም ከግማሽ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) በላይ አልወጡም፣ አልወረዱም። 5 ዋት ላይ ድምፁን የሚያዛቡት ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ለሳሎን ሙዚቃ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ግራፉን አትሜ ፒያሳ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚሰሙት ልዩነት ከመሣሪያው አይደለም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ልትለኝ ነው?» አሉ።

እትዬ ቡና አፍልተው ነበር። ጋሼ አቦሉን ሳይጠጡ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። በዚያ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩት። የለካሁት ትክክል ነበር። ጥያቄው ግን የእሳቸው አልነበረም። «ሁለቱ አምፕሊፋየሮች እኩል ናቸው ወይ?» ብለው አልጠየቁኝም። ማሲንቆው ታሟል ነው ያሉኝ። ታካሚ ሆዴን አመመኝ ሲል ቁመቱን ለክቶ «ደህና ነህ» እንደማለት ነው። ቁመቱ እውነት ነው። ሆዱም እውነት ነው።

ዓይን ሲሸፈን

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «በጆሮዎ እንፍታው። ዓይንዎን ግን እንሸፍናለን» አልኳቸው። «የሚፈራ የለም» አሉና ወንበራቸውን ሳቡ።

ዓይን የሚሸፈነው ሰውን ለማስጨነቅ አይደለም። በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የድምፅ ተመራማሪዎች 40 ሰዎችን አራት ስፒከር አስደመጡ። አንድ ጊዜ እያዩ፣ አንድ ጊዜ በመጋረጃ ተሸፍኖ። እያዩ ሲሰሙ ትልልቆቹና ውድ የሆኑት ጥሩ ነጥብ አገኙ። ሲሸፈን ልዩነቱ ጠበበ። አድማጮቹ እኮ የስፒከር አምራች ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ድምፅ እንጀራቸው ነው። ጋሼ ደግሞ ትንሿን ሣጥን ገና ሲያዩዋት «ይቺ ትዘፍናለች?» ብለው ነበር። ጆሮ ሥራውን ሳይጀምር ዓይን ፈርዶ ጨርሷል።

ፈተናው የሚረባ እንዲሆን ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ገመድ ነቅሎ ሌላ እስኪሰካ ግማሽ ደቂቃ ካለፈ ጆሮ የያዘውን ይለቃል። ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት በአእምሮ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ሣጥን ሠራሁ። እዚህ ላይ ለሚሞክር ሰው አንድ ጥንቃቄ ልናገር። ቀዩን ሽቦ ብቻ እያቀያየራችሁ ጥቁሩን አንድ ላይ አትሰሩት። እንደ ትንሿ ያሉ የዘመኑ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ በጥቁሩም ሽቦ ላይ ኃይል ይልካሉ። ከሌላው ጋር ከተገናኘ ሊቃጠል ይችላል። ሁለቱም ሽቦዎች መቀያየር አለባቸው፤ ደግሞም አንዱ ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ በኋላ ነው ሌላው መነካት ያለበት።

ሁለተኛው፣ የሚቀይረው ሰው ለአድማጩ በፊቱም በእጁም እንዳይናገር ነው። የእህቴ ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠች። ሳንቲም ትጥላለች፤ በወጣው መሠረት ትቀይራለች፤ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እኔም ከጋሼ ጎን ስለሆንኩ የትኛው እንደሚጫወት አላውቅም። አምፕሊፋየሮቹን በጋቢ ሸፈንናቸው።

ሦስተኛውን፣ የድምፁን ከፍታ እኩል ማድረግን፣ መጀመሪያ ላይ በጆሮ ብቻ አደረግሁት። እኩል ነው ብለን ተስማማን፤ ጀመርን።

ከ16 ሙከራ ጋሼ 14ቱን አገኙ።

የሳሎኑን ፀጥታ አልረሳውም። እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ደነገጥኩ። አንድ ሰው በግምት ብቻ ሳንቲም እየጣለ ከ16 ውስጥ 14 ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኝበት ዕድል ከ1,000 ሁለት ያህል ነው። ጋሼ እየገመቱ አልነበረም። የሆነ ነገር እየሰሙ ነበር።

ምን ነበር የሚሰሙት? መልቲሜትሬን አወጣሁ። የ200 ኸርዝ ድምፅ አጫውቼ በስፒከሩ ጫፍ ላይ ለካሁ። 200 ኸርዝ የመረጥኩት ተራ መልቲሜትር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ ስለማይታመን ነው። 50 ኸርዝን የተውኩት ደግሞ የመብራት ኃይሉ ራሱ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዳይደባለቅብኝ ነው። አዲሷ ላይ 2.0 ቮልት፣ የድሮው ላይ 2.3 ቮልት አነበብኩ። ልዩነቱ 1.2 ዴሲቤል ነው። የድሮው በትንሹ ይጮህ ነበር።

ይህ ሰዎች የማያምኑት ነገር ነው። 1.2 ዴሲቤል ሲሰሙት «ጮኸ» አይሉም። «ሞቅ አለ»፣ «ቀረበኝ»፣ «ሕይወት አለው» ይላሉ። ትንሽ የጮኸው ብዙ ጊዜ የተሻለው ይመስላል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ስፒከር አስደምጠው ሲሸጡልን የምንታለለውም በዚህ ነው። አታላይ ባይኖርም እንታለላለን።

ከፍታውን በ0.1 ዴሲቤል ውስጥ እኩል አደረግሁና እንደገና 16 ጊዜ ሞከርን። ጋሼ 9 አገኙ። በግምት 9 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 40 በመቶ ነው። ሳንቲሙ ራሱ ያገኘዋል ማለት ነው።

ድል ያገኘሁ መስሎኝ ዞር ስል ጋሼ ተረጋግተው ተቀምጠዋል። አልተቆጡም። «እሺ» አሉ። «አምፕሊፋየሩ አይደለም። በጆሮዬ አየሁት። ማሲንቆው ግን ታሟል።»

ለዚህ አባባላቸው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ብዙ ሰው ፈተና ሲወድቅ ወይ ፈተናውን ይሰድባል፣ ወይ የሰማውን ሁሉ ይክዳል። እሳቸው ፈተናው የነገራቸውን ተቀበሉ፤ ፈተናው ያልጠየቀውን ግን አልለቀቁም።

እሑድ

አብረን ማዳመጥ ጀመርን። ማሲንቆ ብቻውን፣ በትዝታ ቅኝት። «ደህና ነው» አሉ። ማሲንቆ ከከበሮ ጋር። «ዛሬ ይሄም ደህና ነው። እሑድ ነው የሚታመመው» አሉ።

መሣሪያ የሚጠግን ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። ባለሙያው ሲመጣ ችግሩ ይጠፋል። ዎርድ ውስጥ ሌሊት የሚጮኽ ማሽን ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ዝም ይላል። እንዲህ ሲሆን ወረቀት ላይ «ችግር አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ይቀናል። መሄድ ያለብን ግን ማሽኑ ወደሚጮኽበት ቦታና ሰዓት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል። ቡና ቀርቧል፤ ሙዚቃው ከፍ ብሏል። ማሲንቆና ከበሮ ነው። ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ስማ፣ አሁን!»

አልሰማሁም። ማሲንቆ እንደሆነ በተፈጥሮው ሻከር ያለ ነው። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲሳብ ሐር አይሆንም። የሰማሁት ሻካራነት የመሣሪያው መሰለኝ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የማሲንቆ ሻካራነት ከቀስቱ ጋር ይሄዳል። ቀስቱ ሲሳብ ይመጣል፣ ቀስቱ ሲቆም ይቆማል። ይሄኛው ከከበሮው ጋር ነው የሚመጣው።»

ቁልፉ ይህ ነበር። ከከበሮው ጋር! እንደገና አዳመጥኩ። አሁን ሰማሁት። ከበሮው ሲመታ ማሲንቆው ላይ ስስ «ሽርርር» ይጋባል። አንዴ ከሰማሁት በኋላ ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ።

ጆሮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ መስማትን ነው። በኋላ የሁለታችንንም ሞክሬው ነበር። እኔ እስከ 15,000 ኸርዝ ድረስ ሰማሁ። ጋሼ ከ9,000 በላይ ምንም አይሰሙም፤ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን ችግሩን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የሠለጠነ አድማጭ ልዩነቱ የሚሰማው ድምፅ መብዛቱ አይደለም፤ የሰማውን ከየት እንደመጣ መለየቱ ነው። ሾን ኦሊቭ በ2003 የሠለጠኑና ያልሠለጠኑ አድማጮችን ሲያወዳድር ሁለቱም ወገኖች የወደዷቸው ስፒከሮች ተመሳሳይ ሆነው ነው ያገኛቸው። የሠለጠኑት ግን አንዱን ከሌላው በጥርት ይለያሉ፤ ፍርዳቸውም ከጊዜ ጊዜ አይዋዥቅም።

ታዲያ በፈተናው ቀን ለምን አልነበረም? ወደ ትንሿ ሣጥን ሄድኩ። የባሱ፣ የወፍራሙ ድምፅ፣ ማዞሪያ እስከ ጥጉ ተከፍቷል። እኔ ለፈተናው መሃል ላይ አድርጌው ነበር። ሁለቱን እኩል ለማድረግ፣ ለትክክለኛነት ብዬ። በሽታውን በገዛ እጄ አጥፍቼው ነበር ማለት ነው።

ከፍቶ የተወው ማን ነው? የእህቴ ልጅ ናት። ማታ ማታ ለጎረቤት ብላ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች። ዝቅ ሲል ባሱ ይጠፋባታል። አልተሳሳተችም። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከሌላው ቀድሞ ይጥለዋል። ስለዚህ ባሱን መክፈቷ ለማታ ልክ ነው። እሑድ ግን ድምፁ ከፍ ሲል ማዞሪያው እዚያው ነው። በድሮው አምፕሊፋየር ይህ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የጋሼን ማዞሪያ የሚነካ ልጅ እዚያ ቤት አልተወለደም።

ማዞሪያው እስከ ጥጉ ሲከፈት 50 ኸርዝ አካባቢ 9 ዴሲቤል ይጨምራል። 9 ዴሲቤል 8 እጥፍ ኃይል ነው። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ርቀት ደግሞ 3 እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ያ ርቀት ነው አንድ ነገር ያስነካካው።

የግራው ስፒከር

አሁን ምን እንደምለካ አወቅሁ። የመለኪያ ማይክሮፎኔን ከስፒከሮቹ ፊት አንድ በአንድ አቆምኩ። ማይክሮፎኑ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው። ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ አጫወትኩ፣ በእሑዱ ከፍታ።

መጀመሪያ ያየሁት ቁጥር አሁንም ሊያሳስተኝ ነበር። 55 ኸርዝ ላይ የቀኙ አጠቃላይ መዛባት 2.8 በመቶ፣ የግራው 3.1 በመቶ። ለእነዚህ ዓይነት ትልልቅ የድሮ ስፒከሮች የተለመደ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይዤ ብሄድ ኖሮ እንደገና «ምንም የለም» እል ነበር።

ቁጥሩን ግን በታተንኩት። ስፒከር 55 ኸርዝ ሲጫወት ከራሱ ጨምሮ 110፣ 165፣ 220 እያለ በየእጥፉ ድምፅ ያወጣል። እነዚህ ሃርሞኒክ ይባላሉ። አጠቃላይ መቶኛው የሚመጣው ባብዛኛው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ነው። እነሱ ደግሞ ከዋናው ድምፅ አጠገብ ስለሆኑ ዋናው ይሸፍናቸዋል፤ ጆሮ አይቆጥራቸውም። ከአሥረኛው በላይ ያሉት በጣም ትንሽ ናቸው፤ መቶኛው ላይ ምንም አያንቀሳቅሱም። በግራው ስፒከር ላይ እነዚህ ትናንሾቹ ከቀኙ በ25 ዴሲቤል ይበልጡ ነበር።

25 ዴሲቤል! መቶኛው ውስጥ ተቀብሮ።

ለምንድን ነው ጋሼ የሰሙት? የ55 ኸርዝ ሃያኛ እጥፍ 1,100 ኸርዝ ነው። ጆሮ 50 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ መስማት የሚጀምረው ከ40 ዴሲቤል በላይ ሲሆን ነው። 1,000 ኸርዝ ላይ ግን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይበቃዋል። ያ ስስ ሽርርታ ጆሮ እጅግ ንቁ በሆነበት ሰፈር ነው የወደቀው። ደግሞም የማሲንቆው ሻካራነት ያለበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ጋሼ «ስፒከሩ ታሟል» አላሉም። የሰሙት ማሲንቆው ላይ ስለሆነ ማሲንቆው ታሟል አሉ። የሰሙበትን ቦታ በትክክል ነው የተናገሩት።

የስፒከር ፋብሪካዎች ይህን ዓይነት ብልሽት ያውቁታል። በዘመኑ መሣሪያም እየለኩ፣ ከምርት መስመሩ ጫፍ ላይ የሠለጠነ ሰው በጆሮው እንዲያዳምጥ የሚያደርጉ ለረጅም ጊዜ ነበሩ። መቶኛው ስለማይነግራቸው ነው።

ስፒከሩን ለመክፈት ከመነሣቴ በፊት ከአሜሪካ ስልክ መጣ። የአጎቴ ልጅ ነገሩን ሰምቶ ተጨንቋል፤ ወፍራምና ውድ ገመድ ልላክ ይላል፣ ደግሞም ከሲዲ የበለጠ ጥራት ያላቸው ፋይሎች። ልቡ ጥሩ ነው። ገመዱን አስልቼ ነገርኩት። አሁን ያለው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ነው፤ ደርሶ መልስ 8 ሜትር። የሚያስቀረው 0.09 ኦም ነው፣ 0.1 ዴሲቤል። የስልክ ገመድ የመሰለ ቀጭን ሽቦ ቢሆን፣ 0.25 ካሬ፣ ወደ 0.6 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ያኔ እኔም ቀይር እለው ነበር። ስለ ፋይሎቹ ደግሞ ሜየርና ሞራን የተባሉ ሰዎች ቦስተን አካባቢ ሞክረው በ2007 ያወጡትን ነገርኩት። ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ በሲዲ ልክ ካሳነሱት ጋር አወዳደሩ። ከ554 ሙከራ 276 ተገኘ፤ ግማሽ በግማሽ ነው። «ገንዘቡን ለእትዬ ላክ» አልኩት። ላከ።

ቅዳሜ ካቻቢቴ ይዤ የግራውን ስፒከር ፈታሁ። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ማግኔቱ ከባድ ነው። ወረቀቱን በአራት ጣቴ ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። በመሃል «ክርክ» አለ። ጋሼም ሰሙት። «ይሄ ነው!» አሉ፣ የጠፋ ሰው እንዳገኘ።

ከወረቀቱ ጀርባ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ቀለበት አለ። ቀለበቱ በማግኔቱ መሃል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይመላለሳል። ክፍተቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቀለበቱን መሃል ላይ የሚይዘው ከጀርባ ያለ የተሸበሸበ ጨርቅ ነው። ስፒከሩ ከ40 ዓመት በላይ በአንድ ጎኑ ቆሟል። ወረቀቱና ቀለበቱ በክብደታቸው ጨርቁን ቀስ በቀስ ወደ ታች ሳቡት። በትንሽ እንቅስቃሴ ቀለበቱ አይነካም። ባስ ሲበዛ ይነካል፤ ከከበሮው ጋር።

መፍትሔው ምንም አልጠየቀም። ስምንቱን ብሎን ፈትተን ስፒከሩን ግማሽ ዙር አዞርነው። ላይ የነበረው ታች ሆነ። ክብደቱ አሁን ጨርቁን ወደ ተቃራኒው ይስበዋል፤ ወደ መሃል ይመልሰዋል። የድሮ ስፒከር ጠጋኞች የሚያውቁት ዘዴ ነው። ቀለበቱ ራሱ ቢበላሽ ኖሮ ይህ አይሠራም ነበር፤ እንደ ዕድል ሆኖ ሽቦው አልተላጠም።

መልሼ ለካሁ። እነዚያ ትናንሽ ሃርሞኒኮች በ18 ዴሲቤል ወረዱ። አጠቃላይ መቶኛው ከ3.1 ወደ 2.9 ነው የወረደው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ደብተሬ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። መለኪያ ሳይሆን የመለኪያ ምርጫ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጋሼ ቁጥሩን አልጠየቁኝም። ያቺኑ የእሑዷን ሙዚቃ አስከፈቱ፤ ባሱም እስከ ጥጉ እንዲከፈት አዘዙ። ዓይናቸውን ራሳቸው ጨፈኑ። አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ሌላ ነገር ተናገሩ፣ «ከበሮው ግን እዚህ ወንበር ላይ ይከብዳል።»

እውነት ነበር። ቴሌቪዥኑ ቦታ ሲፈልግ ስፒከሩ ጥግ ገብቷል። ሳሎኑ በወርዱ 4.1 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ሊሾ። እንዲህ ባለ ክፍል 42 ኸርዝ ገደማ ያለ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን ያበዛል። ማይክሮፎኑን ወንበራቸው ላይ አድርጌ ሳይ 7 ዴሲቤል ተነሥቷል። ከሁለቱ አምፕሊፋየሮች ልዩነት ጋር ሲተያይ ይህ ተራራ ነው። እኔ ስለ አምፕሊፋየር ስሟገት ክፍሉን አንድ ጊዜም አልለካሁትም ነበር። ስፒከሩን ከጥጉ ግማሽ ሜትር አወጣነው፤ ወንበሩን ከግድግዳው አላቀቅነው። 3 ዴሲቤል ቀነሰ። የቀረውን ወፍራም መጋረጃ እንኳ አያነሣውም፤ ለእንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ መጋረጃ ስስ ነው። ጋሼ ግን በቃኝ አሉ።

አምፕሊፋየሩን በተመለከተ የድሮው ወደ ሳሎን ተመልሷል። ይሻላል ብለው አይደለም። «እኩል ከሆኑ የማውቀውን ልያዝ» አሉ፤ ማዞሪያው ለጣታቸው ይመቻል። ትንሿን የእህቴ ልጅ ወስዳለች። ባሱን እንደፈለገች ትከፍታለች።

የግራውን ስፒከር ስናሽገው ጋሼ እርሳስ አስመጡ። ማግኔቱ ጀርባ ላይ ቀስት ስለው «ላይ» ብለው ጻፉበት፤ ከሥሩ ቀኑን። የቀኙንም በሚቀጥለው ቅዳሜ እናዞረዋለን። እሱ ገና አላመመውም፤ ጋሼ ግን ትንሽ ወርዷል ይላሉ። ማይክሮፎኑን ይዤ እሄዳለሁ።